ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ግብሩን ስለ መሸሽ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ስለ ትልቅ ነገር አልናገርም። ነገሬ ሰው ከሰው ላይ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ስለሚሠራት አንዲት ማጭበርበር ነው። ሰዎች ትንሽ ናት ይሏታል። እኔ ግን ትንሽ አለመሆኗን በገንዘቤና በኀፍረቴ ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ ጣቴን በሌላው ላይ ብቻ የምቀስር እንዳልሆንሁ አስቀድሜ እናገራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የጎረቤቴ ልጅ፥ በየክረምቱ ቤቴ እየመጣ ሒሳብ ያስጠናሁት ወጣት፥ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ከደጄ ደረሰ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈክቶ ነበር። ከሦስት ዓመት ቁጠባና ከእናቱ ዕቁብ በተገኘ 165,000 ብር የገዛት ናት። እንጀራውም በእርስዋ ላይ ነው፤ ከሱቅ ወደ ቤት ዕቃ ሊያመላልስባት አስቧል። መረቅሁት። ቀጥዬም፥ መምህር ጡረታ ቢወጣ ጠባዩ አይወጣምና፥ «እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ» አልሁት።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው።

«ስሙን መቼ ታዛውራለህ?» አልሁት።

«ውክልና ሰጥቶኛል፥ ጋሼ። ውክልና ይበቃል።»

«ቦሎው የ2015 ነው። የ2016ን ማን ይከፍላል?»

«እሱን በኋላ እናየዋለን።»

«በውሉ ላይ የተጻፈው 60,000 ብር ነው። አንተ 165,000 ነው ያልኸኝ።»

ሣቀና፥ «ጋሼ፥ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለዚች ለመጨረሻዋ ቃል መልስ ለመስጠት ነው።

ነገሩን ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የሞተር ብስክሌት ባለቤትነት እንደ በግ ባለቤትነት አይደለም። በግ ገመዱን የጨበጠው ሰው ናት፤ ሞተር ብስክሌት ግን የመዝገቡ ናት። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ ይመዘገባል፤ ሰሌዳና ሊብሬ ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም ተመርምሮ ለመንገድ ብቁ መሆኑ ሲረጋገጥ የዓመቱ ቦሎ ይለጠፍለታል። ቦሎውን ለማግኘት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን መገባቱ ይጠየቃል። ሽያጭ ሲሆን ሻጭና ገዥ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርበው ይፈራረማሉ፤ ሻጩ ባለ ትዳር እንደ ሆነ ሚስቱም ትፈርማለች፥ ያላገባ እንደ ሆነም ያላገባ ስለ መሆኑ ማስረጃ ያመጣል። ዕዳና እግድ አለመኖሩ ይጣራል፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስሙ ወደ ገዥው ይዞራል። የቴምብር ቀረጡ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ሲወጣ የንብረት ስም ማዛወሪያውን ከዋጋው በመቶ 2 አድርጎ ደንግጎት ነበር።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሊብሬም ቦሎም ጣልያን ትቶልን የሄዳቸው ቃላት ናቸው። ሊብሬቶ በእነርሱ ቋንቋ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ቦሎም ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ጣልያን ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ እኛው ዘንድ ቀረ። ነገር ግን ብዙ ሰው ቦሎ ማለት የትራፊክ ፖሊስ እንዳያስቆመው በመስተዋት ወይም በሞተር አፍንጫ ላይ የሚለጠፍ ክታብ ይመስለዋል።

ከዚያች ክታብ ጋር የሚከፈለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቅ ስንት ነው? በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በአገራችን ብዙ መንገድ ተሠርቷል። ዳሩ ግን መንገድ መሥራትና መንገድ መጠበቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ትልቅ ሰው ከቶ አይጠፋም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አስፋልቱ ሲቦረቦር ለመሙያው የሚሆነውን ገንዘብ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። አደረጃጀቱና ስሙ ከዚያ ወዲህ ቢለዋወጥም፥ አዋጁ ገንዘቡ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል አድርጎ ምንጮቹን በዝርዝር ጽፏቸዋል። አንዱ በነዳጅ ላይ የሚጣለው ነው፤ አንዱ ከልክ በላይ ከሚጭኑት የሚገኘው ቅጣት ነው፤ አንዱም ተሽከርካሪዎች የዓመት ፈቃዳቸውን ሲያድሱ የሚከፍሉት ነው። በነዳጅ ላይ ካለው ማንም አያመልጥም፥ ማደያው አስቀድሞ ይወስደዋል። የዓመቱ ክፍያ ግን በራሳችን እግር ሄደን የምንከፍለው ነው። እኛም ለይተን የምንሸሸው ይህንኑ ለእኛ ለራሳችን የተተወውን ነው።

በዚህ ጊዜ አንዱ ይነሣና፥ «መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው፤ ለጉድጓድ ግብር አልከፍልም» ይለኛል። ይህ ሰው የዕድር መዋጮ ሦስት ዓመት ሳይከፍል ቆይቶ ሐዘን በደረሰበት ቀን ድንኳኑ ተቀዷል ብሎ ዳኛውን የሚሳደበውን ዕድርተኛ ይመስላል። ሌላው ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነገር ያመጣል፤ «ብከፍልም ይበሉታል» ይላል። መብላት የለም አልልም፤ 38 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ መብላት የለም ብል ማንም አያምነኝም። ነገር ግን እጠይቀዋለሁ። ይበሉታል ብለህ ያልከፈልኸውን ገንዘብ ወዴት አደረግኸው? ለድኻ ሰጠኸውን? በሰፈርህ ያለውን ጉድጓድ አንድ ባሬላ ድንጋይ አምጥተህ ሞላህበትን? አንተም በላኸው እኮ! ልዩነታችሁ እርሱ በወንበር ላይ ተቀምጦ መብላቱ፥ አንተ በሞተር ላይ ተቀምጠህ መብላትህ ብቻ ነው። ደግሞም ሹሙን ሒሳብ አምጣ ብሎ የሚጠይቀው በእጁ ደረሰኝ የያዘ ሰው ነው። ደረሰኝ የሌለው ሰው በምን አፉ ይጠይቃል?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ሱፐርቫይዘር ሳለሁ የገጠሩን ትምህርት ቤቶች በእግር መዞር ስላቃተኝ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለች ያማሃ በ24,000 ብር ገዛሁ። ደላላው፥ «በውሉ ላይ 12,000 በሉት» አለን። ነጋዴው ዓይኑን አላሸም። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን አንዲት እርሳስ የጠፋች እንደ ሆነ የወሰደው ልጅ ራሱ «እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ ማታ በሰልፍ ቆመን እንቀር ነበር። ያም ሁሉ ትምህርት ደርሶ ጥቂት አመነታሁና ፈረምሁ። በመቶ 2 ሲታሰብ የ24,000 ብር ቀረጥ 480 ብር ነው፤ የ12,000 ግን 240 ብር ነው። እንግዲህ ውሸቴ ያተረፈችልኝ 240 ብር ነበረች። የሒሳብ መምህር ስለሆንሁ ስንት እንደማወጣ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ መንግሥትን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። የዚያን የጎረቤቴን ልጅ ውል እንይ። ሞተሩ ነገ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፥ ወይም በሞያሌ በኩል ያለ ቀረጥ የገባ ሆኖ ጉምሩክ ቢወርሰው፥ ልጁ ሻጩን ስንት ብር መልስልኝ ብሎ ይከሳል? በፊርማው 60,000 ብር ነው ብሎ መስክሯል። ዳኛው፥ «ያንጊዜ ዋሽቼ ነበር፤ አሁን ግን እውነቴን ነው» የሚለውን ሰው በምን ይመነው? 105,000ው ብር፥ የእናቱ ዕቁብ ጭምር፥ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ይቀበራል። ሻጩም ቢሆን ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን በዱቤ የሰጠ እንደ ሆነ ገዥው፥ «ውሉ የሚለውን ከፍያለሁ» ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ የሚባለው እንዲህ ባለው ገበያ ላይ ነው።

ውክልና ግን ከዚህም የከፋ ነው። ውክልና በራሱ መልካም ነገር ነው፤ የታመመ ወይም በሩቅ አገር ያለ ሰው ጉዳዩን በሌላ እጅ ይፈጽምበታል። ሻጭ ሻጭ መባልን፥ ገዥም ገዥ መባልን ሲፈሩ የሚሸሸጉበት መጋረጃ አድርገው ሲይዙት ነው የሚከፋው። እንዲህ የሚያደርግ ገዥ ገንዘቡን ከፍሎ የሰው ንብረት ጠባቂ ሆኖ ይኖራል። ወካዩ የሞተ ቀን ውክልናው አብሮት ይሞታል። አንድ የማውቀው አናጢ ሞተር ብስክሌት በውክልና ገዝቶ አራት ዓመት ከነዳት በኋላ ሻጩ አረፈ፤ ወራሾቹም የአባታቸውን ንብረት ሲቆጥሩ ከሁለት ላምና ከአንድ ቤት ቀጥለው የአናጢውን ሞተር ጻፏት። አናጢው የሚያሳየው ውክልና ብቻ ነው። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ መዝገቡ የአባታችን ነው ስላላቸው ነው። በሽማግሌ ሁለተኛ ዋጋ ከፍሎ አስቀራት።

ይህ የገዥው ጉዳት ነው። የሻጩን ደግሞ በራሴ አየሁት።

በ2006 ዓ.ም. ጉልበቴ ስለ ደከመ ያችኑ ያማሃ ለአንድ ወጣት በ31,000 ብር ሸጥኋት። ስም ለማዛወር ሁለት ቀን ተመላለስን። በመጀመሪያው ቀን ፋይሉ አልተገኘም፤ በሁለተኛው ቀን ፋይሉ ተገኝቶ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ራሱ፥ «መምህር፥ ለምን ይደክማሉ? ውክልና ይስጡኝና እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ደክሞኝ ነበርና ደስ አለኝ። ውክልናው እንዲሸጥ፥ እንዲለውጥ፥ ሌላ ሰውም እንዲወክል የሚያስችል ነበር። ጸሐፊዋ ስታነብልኝ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥሁ፤ የተማሪዎቼን ድርሰት እንኳ እንዲያ በቸልታ አድምጬ አላውቅም። ወጣቱ ለሌላ ሸጠ፤ ያም ለሦስተኛ ሸጠ። ማንም ስም አላዛወረም። ቦሎ ለማሳደስ የሊብሬው ባለቤት ወይም ወኪሉ ስለሚጠየቅ ቦሎውም ቀረ፤ ቦሎ ከቀረ መድን የሚጠይቅ የለምና መድኑም ቀረ። ያች ሞተር ሦስት ዓመት ሙሉ በስሜ ስትዞር እኔ ከነመኖርዋም ረስቻት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ ገና ጎሕ ሲቀድ፥ ሁለት ፖሊሶች በሬን አንኳኩ። ሞተርዋ ከትምህርት ቤት የምትመለስ የ11 ዓመት ልጅ ገጭታ እግርዋን ሰብራለች፤ ነጂው ሳይቆም ሄዷል። የሰሌዳውን ቁጥር አንድ ሊስትሮ ልጅ በቃሉ ይዞታል። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው።

ሸጫታለሁ አልሁ። ውሉን አሳየሁ። ያማከርሁት ጠበቃ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081ን ገልጦ አስረዳኝ። ቃሉን ባልጠቅስም ነገሩ ይህ ነው፤ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፥ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። «እኔ እኮ ባለቤት አይደለሁም» አልሁት። «መዝገቡ ነዎት ይላል፤ አለመሆንዎን ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው» አለኝ።

ጠበቃው ያለኝ ሳይሆን የልጅቱ እናት የጠየቀችኝ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ፥ «አባቴ፥ እርስዎ ነዎት የገጩብኝ?» አለችኝ።

«አይደለሁም፥ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«የሸጡለትን ሰው አያውቁትም?»

«እርሱ ለሌላ ሸጧል፤ ያም ለሌላ።»

አትቆጣም፥ አትሰድበኝም። ዝም ብላ ዐየችኝ። እኔ በዚያ ኮሪደር የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእርስዋ ግን ከውሸት የሚለየው ነገር አልነበረም። ለሁለታችንም የሚጠቅም አንድ ስም ከመዝገብ መገኘት ነበረበት፤ ያን ስም እንዳይጻፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በሽማግሌ ፊት ለሕክምናዋ 18,000 ብር ከፈልሁ። መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚሰጥ ፈንድ በዚያው በ799/2005 አዋጅ የታሰበ መሆኑን ያንጊዜ እናቲቱም አታውቅም እኔም አላውቅም ነበር፤ የሚነግረንም አልተገኘም። ልጅቱ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። ስትራመድ ግራ እግርዋን ትንሽ ትስባለች። በገበያ ሳገኛት ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ እኔ ነኝ ቀና ብዬ ማየት የማልችለው።

ይህን ታሪክ ለደላላው፥ ቀድሞ ተማሪዬ ለነበረው፥ ነገርሁት። አዘነ። አዝኖም ሲያበቃ፥ «ጋሼ፥ የእርስዎ ዕድል መጥፎ ሆኖ ነው እንጂ ከመቶ አንዱ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለኝ። ደላላ ከሻጭም ከገዥም ኮሚሽኑን በዚያው ቀን ይቀበላል፤ የሚቀጥለው ቀን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ እርሱ ዘንድ ምክር መጠየቅ ሬሳ ሣጥን ሻጭን ስለ ጤና መጠየቅ ነው። ከመቶ አንዱ ነው የሚለውንም ልቀበለው። የክፍል ውስጥ ዘጠና ዘጠኝ ልጆች ደኅና ወደ ቤታቸው ቢገቡ፥ አንዷ ግን እግርዋ ቢሰበር፥ መምህሩ መልካም ቀን ነበር ብሎ ይጽፋልን?

ባለቤቱ የማይታወቅ ሞተር የሚያመጣው ጣጣም በአደጋ ብቻ አያበቃም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል አንዱ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸመው ንጥቂያ ነበር። ሰሌዳውን አይተው ባለቤቱ ዘንድ ቢሄዱ ባለቤቱ፥ «ሸጫለሁ፥ አላውቅም» ይላል፤ ልክ እኔ እንዳልሁት። በዚያ ክልከላ ምክንያት በሞተር ዕቃ እያደረሱ በሐቅ የሚኖሩ ብዙ ልጆች ከሥራቸው ቆሙ፤ ኋላም እየተመዘገቡና እየተደራጁ በፈቃድ የሚሠሩበት መንገድ ተከፈተ። የክልከላውን ልክ መሆን አለመሆን እዚህ አልሟገትም። ነገር ግን ሐቀኛው ልጅ ከነጣቂው ተለይቶ ሊታወቅ ያልቻለው ለምንድር ነው ቢባል፥ አንዱ መልስ እኛ ሽማግሌዎቹ ሻጮችና ገዦች መዝገቡን ባዶ ስላደረግነው ነው።

ሁሉን በገዥና በሻጭ ላይ ጭኜ ጽሕፈት ቤቶቹን ንጹሕ ማድረግ አልፈልግም። አንድ ሰው በመስኮት አንድ ማስረጃ ሰጥቶ፥ በሁለተኛው መስኮት ያንኑ ማስረጃ ኮፒ አድርገህ አምጣ ተብሎ፥ በሦስተኛው ኔትወርክ የለም ተብሎ፥ በውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ጉዳይ ገዳይ ግን በዚያው ቀን ሲጨርስለት፥ ያ ጽሕፈት ቤት ዜጋውን ወደ ውክልና እየገፋው ነው። ተሽከርካሪው ከሌላ ክልል የመጣ እንደ ሆነማ ፋይሉ እስኪዛወር የሚጠፋው ጊዜ ለድኻ ሰው የወር ደመወዝ ነው። ግብር ሰብሳቢ ግብሩን ለመቀበል በሩን ጠበብ አድርጎ ሲያበቃ ሰው በመስኮት ወጣ ብሎ ቢቆጣ ግማሹ ቍጣ በራሱ ላይ ነው። ብዙ አልጠይቅም። ገዥ ከመክፈሉ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የዚያ ሰሌዳ ያልተከፈለ ክፍያ፥ ቅጣቱ፥ እግዱ፥ የመድኑ ማብቂያ ቀን ተጽፎ ይሰጠው። ሻጭና ገዥ ለአንድ ቀን በአንድ መስኮት አብረው ይቁሙ። ደግሞም ሻጭ ሸጫለሁ ብሎ ማስታወቅ ከፈለገ ገዥው ባይመጣም የሚቀበለው ሰው ይኑር፤ ያ ቢኖር ኖሮ እኔ በ2006 ዓ.ም. በሁለተኛው ቀን አስመዝግቤ ወደ ቤቴ በገባሁ ነበር። ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን የመስኮቱ መጥበብ 60,000 ብር ብሎ የጻፈውን እጅ አያጸዳውም። እጁን ማንም አልያዘውም።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስና ላብቃ። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። እናቱ መጥታ፥ «ጋሼ፥ ልጄ ደስ ባለው ቀን ለምን ያሳዝኑታል?» አለችኝ። የሐኪም ቤቱን ኮሪደር ነገርኋት፤ ስሙን በሌላ ከማየት ይሻላል ብላ እርስዋ ነች ልጁን የመለሰችው። ሻጩን ፈልገን በቡና ቤት ተቀመጥን። ክርክሩ የ2016 ቦሎ ላይ ነበር። ሻጩ፥ «ከሸጥሁ በኋላ ዕዳው የእርሱ ነው» አለ፤ ልጁ ደግሞ፥ «በእኔ እጅ ያልነበረችበትን ዓመት ለምን እከፍላለሁ?» አለ። እኔ ለልጁ ፈረድሁ። የነዳው ሰው ይክፈል፤ መንገዱን የበላው የእርሱ ጎማ ነው። ገዥው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ያለውን ይክፈል። ይህ ከገበያ ሚዛን የቀለለ ፍርድ ነው፤ ግን ዋጋ ከመቆረጡ በፊት መነገር ነበረበት፤ ከተከፈለ በኋላ የሚነሣ ዕዳ እንደ ጥርስ ሕመም ሌሊት ነው የሚመጣው።

ውሉ በ165,000 ብር እንደገና ተጻፈ። የሻጩ ሚስት መጥታ ፈረመች። መድን ተገባ። ለቦሎው ምርመራ ሲቀርብ መርማሪው የኋላውን ፍሬን ሸራ አይቶ፥ «ይህ አልቋል፤ ቀይረህ ና» ብሎ መለሰው። ልጁ ለሦስት ሳምንት ያህል በዚያች ፍሬን ዕቃ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድባት ነበር። አስቀይሮ ተመለሰና አለፈ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው 19 ቀን ፈጀ፤ ከዚህ ውስጥ ሥራ የተሠራበት አራቱ ቀን ነው፤ የቀረው ነገ ና የተባለበት ነው። ሊብሬው በኅዳር መጨረሻ በልጁ ስም ወጣ።

የ2016ቱን ክፍያ ጉዳዩ እንዳይጓተት ልጁ ከኪሱ ከፍሎታል፤ ሻጩ በእኔና በቡና ቤቱ ባለቤት ፊት ለጥምቀት እመልሳለሁ ብሎ ነበር። ጥምቀት አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ይህ መጽሐፍ ሲታተም አንድ ቅጂ እልክለታለሁ።